ድምፁ የሳሳ ተኩስ ለምን ያስፈራል?

በአሜሪካ የሽጉጥ ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት ብዙ ሰው የሚያዘወትረው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ተኳሹ ባዶ ቀልሃ ሰብስቦ አዲስ ፕራይመር (ከቀልሃው ግርጌ ሆና ስትመታ የምትቀጣጠለዋን)፣ ባሩድና አረር ይገጥምለታል፤ ከዚያም ተኩስ ሜዳ ሄዶ ይሞክረዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ በሙከራው ጊዜ የሚያጋጥሙ ሁለት አደጋዎችን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንደኛው ባሩድ መርሳት ነው። ባሩድ ከሌለ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? "ምንም" እንዳትሉ! ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን ከቀልሃው አውጥታ በርሜሉ ውስጥ ትሰነቅረዋለች፤ ገፍታ ለማስወጣት ግን አቅም የላትም። ተኳሹ የሚሰማው የሳሳ ድምፅ ብቻ ነው። "ከሽፎ ነው" ብሎ ሌላ ጥይት አጉርሶ ሲተኩስ፣ ሁለተኛው አረር ከመጀመሪያው ጋር ይላተማል፤ መውጫ ያጣው ጋዝም በርሜሉን ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። ጉዳቱ ለእጅና ለዓይን ይተርፋል።

ሁለተኛው ባሩድ ደግሞ መጨመር ነው። ለምሳሌ .38 ስፔሻል የተባለው ጥይት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1898 ሲሆን ቀልሃው የተሠራው ብዙ ቦታ ለሚይዘው ጥቁር ባሩድ ነበር። የዛሬው ባሩድ ግን በትንሹ ይበቃል። ስለዚህ እጥፍ ቢጨመርበትም ቀልሃው አይፈስም፤ ዓይንም በቀላሉ አይለየውም። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 35,000 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነው፤ ይህም ከመኪና ጎማ ግፊት ከሺህ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በእጥፍ ባሩድ ከዚህ ወለል ማለፍ ማለት እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም።

የተሰነቀረ አረር ሰው እንደሚገድል በብራንደን ሊ አሟሟት ታይቷል። ተዋናዩ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1993 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ "ዘ ክሮው" የተባለውን ፊልም ሲሠራ ሞተ። ለቀረጻ ተብሎ ከእውነተኛ ጥይት ላይ ባሩዱ ተደፍቶ ነበር፤ ፕራይመሯ ግን ቀረች። እሷ የገፋችው አረር በርሜል ውስጥ መቅረቱን ያየ አልነበረም። በኋላ አረር የሌለው ባለባሩድ ጥይት ሲተኮስ፣ የተሰነቀረው ወጥቶ መታው። ገና 28 ዓመቱ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባሩዱን መዝኖ፣ አረሩ ከመገጠሙ በፊት እያንዳንዱን ቀልሃ በመብራት ማየት ነው። ሜዳ ላይ ቃታ ተስቦ ምንም ካልተሰማ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ይገባል። ድምፁ ከሳሳ ደግሞ በቃ፣ ማቆም! ሽጉጡን አራግፎ በርሜሉ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጡ ዳግመኛ መተኮስ አይገባም።

በአጠቃላይ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ስህተት ሳይሆን ከእሱ በኋላ በችኮላ የሚሳበው ቃታ ነው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይባል የለ!