ያማረ ጫማ መውደድ ኪብር ነውን?

 

በቅርቡ በእህቶች ደርስ ላይ አንዲት እህት እጇን አወጣችና እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «እኔ ጫማ በጣም እወዳለሁ። ከቤት ብር ሲላክልኝ መጀመሪያ የሚታየኝ ጫማ ነው። የማልገዛውን እንኳ በስልኬ እያየሁ አመሻለሁ። ሰላት ላይ ሳይቀር ይመጣብኛል። ይሄ ነገር ወንጀል ነው ወይ?» ብዙዎቻችን ሳቅን። ጠያቂዋ ግን አልሳቀችም። ከሳቅነው መካከልም በር ላይ ካወለቀችው አዲስ ስኒከር ላይ ዓይኗን ያላነሳች ነበረች፤ ማን እንደሆነች አንናገርም፣ ከእኛው ከአዘጋጆቹ አንዷ ናት።

ስለዚህ የዚህ እትም ደርሳችን ስለ ጫማ ነው። ርዕሱ ለደርስ የማይመጥን ቀላል ነገር የመሰለው ካለ፣ ስለ ኪብር ከተነገሩት ሐዲሶች ሁሉ ምናልባት በጣም የሚታወቀው ሐዲስ ጫማን በስሙ ጠርቶ እንደሚያነሳ ያስታውስ።

ኢማሙ ሙስሊም ከዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በልቡ ውስጥ የብናኝ ታህል ኪብር ያለበት ሰው ጀነት እንደማይገባ ተናገሩ። ይህን የሰማ አንድ ሰው፣ ሰው እኮ ልብሱም ጫማውም ያማረ እንዲሆንለት ይወዳል፤ ታዲያ ይህስ? አለ። የዚህ ሰው ስጋት የእህታችን ስጋት ነው። መልሱም «ጫማህን ተው» የሚል አልነበረም። አላህ ውብ እንደሆነና ውበትንም እንደሚወድ፣ ኪብር ማለት ግን ሐቅን አልቀበልም ማለትና ሰዎችን መናቅ እንደሆነ ነገሩት። ጌታችንም በሱረቱል አዕራፍ (7፥31-32) ወደ መስጂድ ስንሄድ ጌጣችንን እንድንይዝ ያዘናል፤ እርሱ ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥ ማን እርም አደረገ? ብሎም ይጠይቃል። እንግዲህ ጫማ መውደድ በራሱ ወንጀል አይደለም። ይህን መጀመሪያ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዳንዶቻችን ዲን ማለት የተቀደደ ጫማ ማድረግ ይመስለናል።

ኪብሩ ያለው እግር ላይ ሳይሆን ዓይን ላይ ነው። ጁሙዓ ዕለት የመስጂዱን በር አስተውሉ። ጫማው ተደርድሯል፤ አንዱ ከከተማ የመጣ ስኒከር፣ አንዱ በክር የተሰፋ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ ከገበያ የመጣ ገበሬ ጭቃ ያለበት ቦቲ። የተሰፋውን ጫማ አይታ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ያለች፣ አውቃም ለጓደኛዋ የጠቆመች እህት፣ የራሷ ጫማ በ200 ብር የተገዛ ቢሆንም እንኳ ሐዲሱ የሚናገረው ስለ እሷ ነው። ጫማዋን ላለማሳየት ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጥግ ተቀምጣ የምትጠብቅ እህት እንዳለችም እናውቃለን። ይህን ጽሑፍ ስንጽፍ በአብዛኛው ያሰብነው እሷን ነው።

ጫማ በዲናችን ታሪክ ውስጥ ከአገራችን ጋር የተያያዘበት ቦታም አለ። ስለ ነጃሺ ስንማር ለመጀመሪያዎቹ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ስለሰጠው ጥገኝነት እንማራለን፤ ስለ ስጦታው ግን ብዙም አናነሳም። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከቡረይዳ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነጃሺ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥንድ ጥቁር ኹፍ ልኮላቸው ነበር። ኹፍ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን የቆዳ ጫማ ነው። ዘገባው ጌጥ የሌለበት፣ ሜዳ ጥቁር እንደነበር ይገልጻል። እርሳቸውም አደረጉት፣ ውዱእ አድርገውም በላዩ ላይ አበሱበት። የሐበሻ ንጉሥ የላከው ጫማ ሳጥን ውስጥ አልተቀመጠም፤ ተለበሰ፣ ለዒባዳም ዋለ።

ይህ ሐዲስ ለእኛ ለአሰላ ተማሪዎች ሌላ ጥቅም አለው። ከተማችን 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጭላሎ ሥር ናት፤ የፈጅር ውኃዋን የቀመሰ ያውቃታል። ሙሉ ውዱእ አድርጎ ኹፍ ያጠለቀ ሰው በአገሩ ካለ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ መንገደኛ ከሆነ ሦስት ቀን ከነሌሊቶቹ እግሩን ሳያጥብ ማበስ ይበቃዋል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ውኃ የማያስገባ ጥሩ ቡትስ ለመግዛት ብር ያጠራቀመች እህት አባካኝ አትባልም። እንዲያውም በደንብ ገዝታለች።

ሌላው ሐበሻ ቢላል (ረ.ዐ) ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት መሠረት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጀነት ውስጥ ከፊታቸው የቢላልን ጫማ ኮቴ እንደሰሙ ነግረውት ከሥራዎቹ ሁሉ የበለጠ ተስፋ የሚያደርግበትን ጠየቁት። ቢላል ውዱእ ባደረገ ቁጥር የተቻለውን ያህል እንደሚሰግድ መለሰ። የጫማው ዓይነት አልተነገረንም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ የእህታችን እውነተኛ ችግር ያለው እዚህ ነውና። በስልክ የምናያቸውን ጫማዎች እንውሰድ። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሉቡታን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የሴት ታኮ ጫማውን ሶል ቀይ እየቀባ ይሸጣል፤ አንዱ ጥንድ ከ700 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ቀይ ሶሉ የእሱ ምልክት እንዲሆን ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አጽንቶለታል። ሶሉን የሚያየው እንግዲህ ከኋላ የሚከተል ሰው ነው። መስጂድ በር ላይ ደግሞ መሬቱ ብቻ ነው የሚያየው። የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ሚስት የነበሩት ኢሜልዳ ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1986 ከአገር ሲሸሹ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከ1,000 በላይ ጥንድ ጫማ ትተው ሄዱ። ሰው በቀን አንድ ጥንድ እንኳ ቢቀያይር ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ የሚበቃ ነው።

ግን ውድ ጫማ ሁሉ ኢስራፍ አይደለም። የአርሲ ልጅ ስለ ጫማ ተነስቶ ሩጫን ሳያነሳ አያልፍምና፣ ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡11፡53 ስትጨርስ ያደረገችው ጫማ 500 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ 138 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ነው ተብሎ ነበር። የዓለምን ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሽላ ከገባች በኋላ ጫማውን ከፍ አድርጋ ያሳየችበትን ፎቶ ብዙዎቻችን አይተናል። ለእሷ የሥራ መሣሪያ ነው። ለእኔና ለአንቺ ያው ጫማ ሌላ ስም ይኖረዋል።

ዑለማዎች ኢስራፍን የሚለኩት በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በገዢው አቅምና በሚጎድልበት ግዴታ ነው። ሱረቱል ፉርቃን (25፥67) የአላህን ባሮች ሲገልጽ ሲያወጡ የማያባክኑ፣ የማይቆጥቡም፣ በመካከል ያሉ ይላቸዋል። ሱረቱል ኢስራእ (17፥26-27) ደግሞ አባካኞችን ከሸይጣን ጋር ወንድማማች አድርጎ ያነሳቸዋል። ከእኛ አብዛኞቻችን የምናወጣው ብር የራሳችን አይደለም። ከሌሙና ቢልቢሎ፣ ከዲገሉና ጢጆ የመጣችው እህት ብር የሚደርሳት አባቷ ገብስ ወይም በግ ሸጦ ነው። አባትየው ራሱ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ገበያ ወርዶ ይሆናል። «ለመጽሐፍና ለምግብ» ብሎ ለይቶ የላከው ብር አማና ነው፤ ጫማ ከገዛንበት ቢያንስ መንገርና ማስፈቀድ ይገባናል። «ለምታስፈልግሽ ነገር አውይበት» ካለ ሰፊ ነው፤ ጫማም ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት ለብዙዎች ጥቃቅን ይመስላል፤ ለእኛ ግን የዚህ ደርስ ዋናው ነጥብ ነው። ጫማ ለመግዛት ተበድራ ምግቧን የቀነሰች፣ የዕቁብ መክፈያ ቀን ሲደርስ ስልኳን የምታጠፋ እህት አጋጥማናለች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሰላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፋለች።

ሌላም ሒሳብ አለ። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄዱ ሰዎችን የሚይዝ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ይኼኛው ዝሆኔ በትንኝ አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘ ተገምቷል። በሽተኛው እግሩ አብጦ ከሠርግ፣ ከገበያ፣ አንዳንዴም ከመስጂድ ይቀራል፤ ሰው እርግማን መስሎት ይሸሸዋልና። መከላከያው ግን ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦቻቸውን ጫማ እንዲያበዙ ሲመክሩ ጫማ ያደረገ ሰው እንደተሳፈረ ይቆጠራል ብለዋል። አምስተኛ ጥንዷን የምትገዛ እህት ለአንድ የገጠር ልጅ የመጀመሪያ ጥንዱን ልትገዛ የምትችል ሰው ናት። ግዴታ ነው አላልንም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ደግሞ ፈዷላህ ኢብኑ ዑበይድ (ረ.ዐ) የግብፅ አሚር ሆነው ሳለ ጫማ ሳያደርጉ ታይተው ሲጠየቁ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልፎ አልፎ በባዶ እግር እንድንሄድ ያዙን ነበር ብለዋል። ድሎት እንዳይለምድብን ነው። ቀይ አፈር ላይ ግን አይደለም!

ስለ ታኮ ጫማም ጥያቄ ይበዛል። ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲስ ከበኒ ኢስራኢል የነበረች አጭር ሴት ከሁለት ረጃጅም ሴቶች ጋር ስትሄድ የእንጨት እግር አሠርታ እንደነበር ያወሳል። ኢማሙ ነወዊ ሲያብራሩት ራሷን ለመደበቅና ጉዳት እንዳያገኛት ብላ ከሆነ ችግር የለውም፣ ለመታየትና ወንዶችን ለማታለል ከሆነ ግን ሐራም ነው ብለዋል። ሱረቱ ኑር (24፥31) ደግሞ ሴቶች የደበቁት ጌጥ እንዲታወቅ እግራቸውን እንዳይመቱ ይከለክላል፤ ዑለማዎች ሆን ተብሎ ሰው እንዲዞር የሚያስጮህ ጫማንም በዚህ ያነሳሉ። በእህቶች መካከል፣ በሠርግ፣ በቤት ያለው ሌላ ነው። በነገራችን ላይ በአሰላ ኮብልስቶን ላይ በቀጭን ታኮ የሄደች እህት ከሸሪዓው በፊት ድንጋዩ ይመልሳታል።

ሁለት ነገሮችን በአጭሩ። አንደኛ፣ ከውጭ በሚመጡ ጫማዎች ውስጠኛ ገበር ላይ የአሳማ ቆዳ ይገኛል። በአካባቢያችን በሚበዛው የሻፊዒይ መዝሀብ ቆዳ ሲለፋ ይጠራል፤ የውሻና የአሳማ ግን ቢለፋም አይጠራም። ገበሩን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ቀዳዳዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሦስት ማዕዘን ከተሰባሰቡ የአሳማ ቆዳ ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ በቴሌግራም ጫማ የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ኮፒውን ኮፒ በሉት። «ኦሪጅናል ነው» ብሎ መሸጥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚያታልል ከእኛ አይደለም ያሉት ውስጥ ይገባል። ሰልባጁንም ሰልባጅ በሉ፤ ገዢ አታጡም።

የአገራችንን እጅም አትናቁ። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በስስነቱና በጥንካሬው በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። መርካቶ ሸራ ተራ ውስጥ ጫማ ሰፊዎች ቆዳ ቆርጠው ይሰፋሉ። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶል ሬብልስ ከአሮጌ ጎማ ሶል እየሠራ ውጭ አገር ሸጧል፤ በረባሶ ብለን የናቅነው ማለት ነው። የቻይናው ሁዋጂያንም ከ2012 ጀምሮ ዱከም ላይ የአገራችንን ልጆች ቀጥሮ ለታወቁ የውጭ ብራንዶች የሴት ጫማ አሰፍቷል። በስልክሽ የምትመኚውን ጫማ የሰፋችው የሰፈርሽ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

የእህታችን ጥያቄ የመጨረሻው ክፍል ቀርቷል፤ ሰላት ላይ የሚመጣው። ቡኻሪና ሙስሊም ከዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለው ልብስ ሰገዱና ጥለቱ ዓይናቸውን ሳበው። ሰላቱን ሲጨርሱ ልብሱ ለአቡ ጀህም እንዲሰጥና የእሱ ሜዳ ልብስ እንዲመጣላቸው አዘዙ። ልብሱን ሐራም ነው አላሉትም፣ አልቀደዱትምም። ለሌላ ሰው ሰጡት።

ይህን ሐዲስ ስንነግራት እህታችን ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፣ ያን ቤጁን ልስጠው ማለት ነው?» አለች። ከመልሳችን በፊት ከኋላ አንዷ «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለች። ሠላሳ ሰባት ነበር። በዚህ ጊዜ እሷም ሳቀች።