የቤት ቦይለር ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ

ቦይለር ሲያስቸግር ብዙዎቻችን ሳንመረምር «ተቃጥሏል» ብለን እንደመድማለን። ለመምህርነት የምንሠለጥን ሰዎች ግን ከምልክት ተነሥተን ምክንያትን መፈለግ ልማዳችን ሊሆን ይገባል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ቦይለር ላይ ዘወትር የሚያጋጥሙ አምስት ችግሮችን እንመለከታለን። ከሁሉ በፊት ግን ኮረንቲው ከዋናው ማጥፊያ ይጥፋ።

ሀ/ ውኃው አይሞቅም። አስቀድመን ጊዜውን እናስላ። 50 ሊትር ውኃን ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 10,500 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ ይህን የሚሰጠው በ2 ሰዓት ያህል ነው። ገና በግማሽ ሰዓቱ «አልሠራም» ማለት አይቻልም። ጊዜው አልፎም ካልሞቀ መጀመሪያ ፊውዙ፣ ቀጥሎ ቴርሞስታቱ፣ በመጨረሻ የማሞቂያው ሽቦ ይመርመር።

ለ/ እየሞቀ ይጮኻል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የማሞቂያውን ሽቦም ይሸፍነዋል። ድሬዳዋን በመሰሉ፣ የኖራ ድንጋይ ባለባቸው ቦታዎች ይኼ ይብሳል። ካልጸዳ ሽቦው ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል።

ሐ/ የቧንቧ ውኃ ጠፍቶ መጣ። ታንኩ ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል በባዶው ከበራ ሽቦው ይነዳል። የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፍተን ውኃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ ካየን በኋላ ብቻ እናብራ።

መ/ ቧንቧው ሲነካ ይነዝራል። ወዲያው ይጥፋ፤ የመሬት ሽቦው መኖሩንና መሥራቱን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያረጋግጥ አይብራ።

ሠ/ ከደኅንነት ቫልቩ ውኃ ይንጠባጠባል። በጣም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ በ2 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ50 ሊትር ታንክ ወደ 1 ሊትር ትርፍ ማለት ነው። ቫልቩ ይህን ማስወጣቱ ሥራው እንጂ ብልሽቱ አይደለም። አንዳንድ ሰው ግን «ወለሉ ረጠበ» ብሎ በቡሽ ወይም በጨርቅ ይወትፈዋል። ያን ጊዜ ቴርሞስታቱ ቢበላሽና ሙቀቱ አልቆም ቢል ግፊቱ መውጫ ያጣል። ታንኩ ሲሰነጠቅ ከ100 ዲግሪ ያለፈው ውኃ ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ከውኃው ከ1600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ ሊያፈርስ፣ ሰው ሊገድል ይችላል! መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጠብታውን አፉ ባልተዘጋ ጎማ ወደ ፍሳሽ መውሰድ። ውኃው ቀዝቅዞም መንጠባጠቡን ካላቆመ ቫልቩ ቆሽሿል ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል፤ በባለሙያ ይታይ፣ እንጂ አይወተፍ።

ለክፍል፦ ጠርሙስ ቀለም ባለው ውኃ ሞልተን፣ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ባዶ የስክሪብቶ ቀፎ በክዳኑ አሳልፈን፣ ዙሪያውን በሰም ደፍነን ሙቅ ውኃ ውስጥ እናቁመው። ውኃው በቀፎው ሲወጣ ተማሪዎች የቫልቩን ጥቅም በዓይናቸው ያያሉ።

ጥያቄ፦ ባለ 80 ሊትር ቦይለር በዚሁ የሙቀት ልክ ስንት ሊትር ያስወጣል?