በአንድ ጠብታ ውኃ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ

«የሽንኩርት ሴል ሳል» ቢባል አሳምሮ የሚስል ተማሪ ሞልቷል። «አይተኸዋል ወይ?» ቢባል ግን መልሱ «በመጽሐፍ ላይ» ነው። ማይክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤት አለ፤ ያለውም ቢሆን «እንዳይሰበር» እያለ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ታዲያ እኛ ዕጩ መምህራን መብራት በሌለበት ገጠር ስንመደብ ምን ይበጀናል?

የሆላንዱ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ1670ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በውኃ ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን ሕያዋን ያየው በአንዲት ትንሽ ሌንስ ብቻ ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ ከወረቀት ታጥፎ የሚሠራውን «ፎልድስኮፕ» ይፋ አደረጉ። የዕቃው ወጪ ከ1 ዶላር በታች ነበር። ለትምህርት ቤት የሚሠራጨው ዓይነት 140 ጊዜ ያህል ያጎላል፤ ኪስ ውስጥም ይገባል።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? የኳስ ቅርጽ ያለው ሌንስ ባነሰ ቁጥር የትኩረት ርቀቱ ያጥራል፤ ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ይበልጥ ያጎላል። ስሌቱም 250 ሚሊ ሜትርን ለትኩረት ርቀቱ ማካፈል ነው። የ2.4 ሚሊ ሜትር የመስተዋት ኳስ የትኩረት ርቀቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 250 ÷ 1.8 ወደ 139 ይመጣል። የውኃ ጠብታ ብርሃንን የሚሰብረው ከመስተዋት ባነሰ መጠን ነው፤ ቅርጹም ጠፍጠፍ ይላል። ስለዚህ ያነሰ ያጎላል፤ ለሽንኩርት ግን ይበቃል።

አሠራሩ፦

1. ከፕላስቲክ ጠርሙስ ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ። በጋለ ሚስማር 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሡ፤ ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቡ።
2. በስንጥር ጫፍ አንድ ጠብታ ንጹሕ ውኃ ቀዳዳው ላይ አኑሩ።
3. ከሽንኩርቱ ልጣጭ የውስጡን ስስ ሽፋን ላጡና በሌላ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ዘርጉት። አዮዲን ከተገኘ ጠብ አድርጉበት።
4. ይህን ፕላስቲክ በሁለት የክብሪት ቀፎዎች ላይ አስደግፋችሁ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ይበቃል፤ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ክልክል ነው።
5. ዓይናችሁን ከጠብታው አቅርቡ፤ ጠብታውን ከሽንኩርቱ እስኪጠራ ድረስ ቀስ እያላችሁ ጠጋ ራቅ አድርጉት።

ጉድለትም አለው። ጠብታው ይተናል፤ የምስሉ ዳር ይጣመማል፤ ባክቴሪያም አያሳይም። ጠብታውን ግን ማደስ ይቻላል፤ 60 ተማሪ ቢኖር 60 መሥራት ይቻላል።

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ አንድ ነገር እንያዝ፦ ተማሪው የሚስለው ያየውን ይሁን። ሥዕሉ ከመጽሐፉ ቢለይ «ኤክስ» ከማድረጋችን በፊት፣ እስቲ እኛም ጎንበስ ብለን በእሱ ጠብታ እንይ።