ዝናብ የበላው ሳጥን

ሐምሌ ሲገባ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ዳር የሚቆሙ አሮጌ መኪኖች አዲስ ዓመል ያወጣሉ። የጣሪያው መብራት አልጠፋም ይላል፣ በሮቹ ማንም ሳይነካቸው ይቆለፋሉ፣ መስኮቱ ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል፤ ጠዋት ደግሞ ባትሪው ሞቶ ይገኛል። ኤሌክትሪሻኑ ትንሽ ጎርጎር አድርጎ «ቦዲ ኮንትሮሉ ተቃጥሏል፣ ጋሼ» ይላል። ምናልባት እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ይህ የኮምፒውተር ሳጥን የሚወነጀለው ሌላው ሁሉ ሳይፈተሽ ነው።

ቦዲ ኮንትሮል ሞጁል ሞተሩን አያዝም፤ ያ የሌላ ኮምፒውተር ሥራ ነው። የእሱ ድርሻ የበር ቁልፍ፣ የውስጥ መብራት፣ የመስኮት ኃይል፣ ሪሞት፣ የስርቆት ማስጠንቀቂያ፣ በአንዳንድ መኪና ደግሞ ፍሬቻና ዝናብ መጥረጊያ ጭምር ነው። እዚህ የምንከተለው ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የተመረተውን ቶዮታ ራቭ ፎር ነው። ሳጥኑ ከሾፌሩ ግራ ጉልበት በላይ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከፊውዝ ሳጥኑ ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል።

መኪናውን ሸጦ አዲስ ልግዛ ማለት አሁን ቀላል ምክር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ባለ ራቭ ፎሩ ያለውን ጠግኖ መንዳት ግድ ሆኖበታል።

ምርመራው የሚጀምረው ከባትሪው ነው። ደህና ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ከ13.5 እስከ 14.5 ይደርሳል። ቮልት ሲወርድ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ይቀባዥራሉ፤ ያረጀ ባትሪ ያመጣውን ጣጣ ብዙ ሰው በአዲስ ሳጥን ሊፈታ ሞክሯል። ቀጥሎ ማሳው ይታያል። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደው ሽቦ ብሎኑ ላልቶ ወይም ዝጎ ከሆነ ተፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይታሰራል። ከዚያ ኮፈኑ ሥር ባለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ «ዶም» እና «ኢሲዩ ቢ» የተባሉት ፊውዞች ተነቅለው በቴስተር ይፈተሻሉ። በዓይን ማየት አይበቃም፤ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ የተበጠሰ ፊውዝ ደህና ይመስላል።

ባትሪው ሌሊት እየሞተ ከሆነ ሌላ ልኬት ያስፈልጋል። መኪናው ተቆልፎ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ፣ ቴስተሩ አምፔር ላይ ተደርጎ በኔጌቲቩ ተርሚናልና በሽቦው መካከል ይገባል። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ ሌባው ያለበትን መስመር ያሳያል። በዚህ መሐል ሞተር ማስነሣት የቴስተሩን ፊውዝ ማቃጠል ነው።

አሁን ወደ ውኃው። የሾፌሩ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ተነሥቶ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ በእጅ ይጨመቃል። እርጥብ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ጣሪያው ተከፋች በሆነ ራቭ ፎር ውኃው በፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ባሉት ምሰሶዎች ውስጥ በቀጫጭን ቱቦዎች ይወርዳል። ቱቦው በአቧራና በቅጠል ሲደፈን፣ በተለይ መኪናው አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ ሲቆም፣ ውኃው ወደ ፊት ተጠራቅሞ ዳሽቦርዱ ውስጥ ይንጠባጠባል። የአራዳ ዳገትና ቁልቁለት፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ የፒያሳ የግንባታ አቧራ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ተከፋች ጣሪያ የሌለው መኪና ላይ የሚጠረጠረው በቅርብ የተቀየረ የፊት መስታወት ነው፤ ሲሊኮኑ በደንብ ያልያዘበት ጥግ አይጠፋም። የውኃው መግቢያ ሳይስተካከል የሚገባ አዲስ ሳጥን ለሚቀጥለው ክረምት የተዘጋጀ ምሳ ነው።

ኮምፒውተር ማስነበብ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ርካሹ መሣሪያ የሞተርን ኮድ ብቻ ስለሚያነብ ስለ ቦዲው ምንም አይናገርም። የቶዮታው ቴክስትሪም ወይም የቦዲ ክፍሉን የሚያነብ ሌላ ስካነር ያለው ጋራዥ መፈለግ ይሻላል። ስካነሩ ቦዲውን ጨርሶ ማግኘት ካልቻለና ፊውዝና ማሳው ደህና ከሆኑ፣ ያኔ ሳጥኑን መክሰስ ፍትሐዊ ነው።

ሳጥኑ ከመገዛቱ በፊት አሮጌው መውጣት አለበት፤ ግዢው በቁጥር እንጂ በመልክ አይሆንም። የሬዲዮ ኮድ ካለ ተጽፎ ይያዛል፣ ቁልፉ ይነቀላል፣ የባትሪው ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ ይፈታል። ከዚያ ቢያንስ 90 ሴኮንድ መጠበቅ ነው፤ የኤር ባጉ ኤሌክትሪክ እስኪፈስ ድረስ። ቢጫ ሶኬቶች የኤር ባግ ናቸውና አይነኩም። የበሩ መርገጫ ፕላስቲክና የዳሽቦርዱ የታችኛው ሽፋን በጥንቃቄ ይነቀላሉ፤ ክሊፑ ተሰበረ ማለት መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ሲንቋቋ ይኖራል። ሶኬቶቹ ከመነቀላቸው በፊት በስልክ ከሁለት ማዕዘን ፎቶ ይነሣሉ። የሰውነት ኤሌክትሪክ እንዲፈስ እጅ ባዶ ብረት ነክቶ፣ የፊውዝ ሳጥኑ ብሎኖች ተፈትተው፣ ሶኬቶቹ ምላሳቸው ተጭኖ ይወጣሉ፤ ሽቦውን ይዞ መጎተት ፒን ያስወጣል።

አሁን ሳጥኑ እጅ ላይ ነው። የሶኬቱ ፒኖች ላይ አረንጓዴ ዱቄት ካለ ውኃ ገብቷል። ጉዳቱ ፒኑ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮልና በጥርስ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ ተመልሶ መሞከር ይቻላል። ቦርዱ ላይ የሞተው አንድ ሪሌ ወይም የላላ ብየዳ ከሆነ ጎበዝ የቲቪ ጠጋኝ ይፈታዋል። የቦርዱ መስመሮች ተበልተው ከሆነ ግን መቀየር ነው።

መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ሲወረድ አሮጌው ሳጥን በፌስታል ይያዛል። የቶዮታው ቁጥር በ89221 ይጀምራል፤ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 42 ራቭ ፎርን ያመለክታል። የመጨረሻዎቹ አሃዞች መኪናው ያለውን ዕቃ ይለያሉ፤ ባለ ስማርት ቁልፉና ባለ ተራ ቁልፉ አንድ አይደሉም። «ያው ነው ወንድሜ፣ ይሠራል» የሚለውን ቁጥሩ ሳይገጥም ማመን አያዋጣም። ገንዘብ ሳይቆጠር «ገጥሜ ካልሠራ እመልሳለሁ» ብሎ መዋዋልም የተለመደ ነው።

ሌሎች መኪኖች ላይ ነገሩ ይከብዳል። አንዳንድ ኒሳን ኤክስ ትሬይል ላይ የቁልፉ ምስጢር ያለው ቦዲ ኮንትሮሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ከሌላ መኪና የመጣ ሳጥን ቁልፎቹ በስካነር ካልተመዘገቡለት ሞተሩን አያስነሣም። ተራ ቁልፍ ያለው ራቭ ፎር በዚህ በኩል ይቀላል።

ገጠማው የአወጣጡ ግልባጭ ነው። ኔጌቲቩ መጨረሻ ላይ ይታሰራል፣ የስህተት ኮዶቹ በስካነር ይጠፋሉ፣ ሪሞቶቹ እንደ አዲስ ይመዘገባሉ። የሾፌሩ መስኮት በአንድ ንክኪ መዘጋት ካቆመ፣ ግማሽ ድረስ ወርዶ ማብሪያው ወደ ላይ ተስቦ እስኪዘጋና ከተዘጋም በኋላ አንድ ሴኮንድ ይያዛል።

የታችኛው ሽፋን ወዲያው አይገጠምም። አንድ ሰው በተከፋቹ ጣሪያ ቦይ ውስጥ በኩባያ ውኃ ቀስ እያለ ያፈሳል፣ ሌላው በባትሪ መብራት ዳሽቦርዱን ከሥር ያያል። ውኃው በመኪናው ሥር መሬት ላይ ከፈሰሰ ሽፋኑ ይታሰራል፤ ምንጣፉ ላይ ከታየ ሥራው ወደ ቱቦው ይመለሳል።