የልጃችሁ ጀርባ መቼ ይሠራል?

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ጀርባው ክፍት የሆነ ልጅ ወልዳ «ምን በድዬ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጎረቤቶቿ በቀትር ወጥታ ነው ብለዋታል። እኔም ያን ዕለት የረባ መልስ አልነበረኝም፤ በትምህርት ቤት ስሞቹን ሸምድደን ነበር ያለፍነው። መልሱ ይኸውላችሁ።

ጽንስ በተፈጠረ በሦስተኛው ሳምንት በጀርባው በኩል ያለው ስስ ንጣፍ ከግራና ከቀኝ ተነሥቶ እንደ ቱቦ መግጠም ይጀምራል። በ28ኛው ቀን ግድም ተዘግቶ ያልቃል። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ይህ ቱቦ ነው።

የቱቦው ሕዋሳት መጀመሪያ ተመሳሳይ ናቸው። ታዲያ አንዱ እግር የሚያንቀሳቅስ፣ ሌላው ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ እንዲሆን ማን ነገረው? ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ታች በረሃው ማሽላ ይዘራል፤ ሽቅብ ሲወጡ ሙቀቱ እየቀነሰ ደጀን ላይ ጤፍ፣ ወደ ጮቄ ከፍ ሲሉ ደግሞ ገብስ ይሆናል። ገበሬው የሚዘራውን የሚወስንለት ያለበት ቦታ ሙቀት ነው። ሕዋሳቱም እንዲሁ ናቸው። ከቱቦው ሥር የተጋደመ ቀጭን ዘንግ ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ይለቃል (ስሙ ከልጆች የቪዲዮ ጨዋታ የተወሰደ ነው፤ ሳይንቲስቶችም ይቀልዳሉ)። በታች በኩል ሆነው በርከት ያለው የደረሳቸው ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ይሆናሉ፤ ራቅ ብለው ጥቂት የደረሳቸው ሌላ ሥራ ይይዛሉ። ከላይ ደግሞ ቢ ኤም ፒ የሚባሉ መልእክተኞች ይወርዳሉ፤ በዚያ አካባቢ ያሉት ስሜት ተቀባዮች ይሆናሉ። መጠኑ ብቻ ሳይሆን መልእክቱ የቆየበት ጊዜም ይቆጠራል።

ቱቦው ሳይገጥም ከቀረ ግን ነርቩ ተጋልጦ ይጎዳል። እግር ይሰንፋል፣ ሽንት መቆጣጠር ያቅታል፣ ብዙ ጊዜም ጭንቅላት ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል።

አሁን ቀኑን ቁጠሩ። ቱቦው የሚዘጋው የወር አበባ ከቀረ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። ብዙዎቻችሁ ወደ እኛ የምትመጡት ሆድ ከገፋ በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ የምንሰጣችሁ ኪኒን ለእናንተ ደም ይጠቅማል እንጂ ለቱቦው አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ፣ በብሪታኒያ ሐኪሞች በተመራ ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ነገር ከ10 በ7 እጅ ያህል ቀንሷል። ለሌሎቻችሁ 0.4 ሚሊግራም ይበቃል፤ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ይጀመራል።

ጎመን፣ ምስርና ባቄላ ይህ ቫይታሚን አላቸው፤ ረጅም ሰዓት ሲቀቀሉ ግን ብዙው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአገራችን በፋብሪካ የስንዴ ዱቄት ላይ እንዲጨመር ግዴታ ሆኗል፤ በሰፈር ወፍጮ ያስፈጫችሁት ጤፍ ግን አያገኘውም።

ስለዚህ መርፌውን ለማቆም ወይም በክንድ የተቀበረውን ለማስወጣት ስታስቡ ወሩን ከባለቤታችሁ ጋር ተመካክራችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዳችሁ ከፍተኛውን መጠን በሐኪም ትእዛዝ ትወስዳላችሁ። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮኤት የምትወስዱም መድኃኒቱን በራሳችሁ ሳታቋርጡ፣ ሳታረግዙ በፊት ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑ።