«ነጻ ሕክምና» ሲባል ክኒኑስ?

በዜና አጻጻፍ ትምህርት ስለ አሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሕክምና አጭር ዜና እንድንሠራ ታዘን ነበር። እኔም «የቀድሞ ወታደሮች በነጻ ይታከማሉ» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «በነጻ» የሚለውን ቃል አክብበው ከጎኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈዋል፤ «ክኒኑስ?» ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ብዙዎቻችን «ቬተራን»ን «አርበኛ» ብለን እንተረጉማለን። አርበኛ እኮ ለእኛ በጣሊያን ወረራ ዘመን ዱር ቤቴ ያለው ነው። ስለዚህ «የቀድሞ ወታደር» እላለሁ።

እነዚህን ሰዎች የሚያክም የራሳቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። ለቅድመ ምርመራ ወይም ለክትባት ብቻ የመጣ ሰው አይከፍልም፤ የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና የጡት ካንሰር ምርመራ እንዲሁም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ነጻ ናቸው። ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል፣ ይህን ክኒን ጀምር» ሲለው፣ ሕመሙ ከውትድርናው ጋር ካልተያያዘና ገቢው ከተወሰነ መጠን ካለፈ ከኪሱ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ተመን ለ30 ቀን መድኃኒት እንደየዓይነቱ 5፣ 8 ወይም 11 ዶላር ነው፤ በዓመት ግን ከ700 ዶላር አያልፍም። በአገልግሎቱ ምክንያት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ጉዳት ያለበት፣ የጦር እስረኛ የነበረና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነጻ ነው።

5 ዶላር ለአሜሪካዊ ምን አላት? እኔም መጀመሪያ እንዲያ ነበር ያልኩት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍያው ከ2 ወደ 7 ዶላር ሲያድግ በፊላደልፊያ ምን እንደተከተለ ተመራማሪዎች ከፋዮቹን ከማይከፍሉት ጋር አወዳድረው መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 «ሰርኩሌሽን» በተባለው የሕክምና መጽሔት እንዳወጡት፣ ከፋዮቹ የኮሌስትሮል መድኃኒታቸውን በአግባቡ መውሰድ ቀነሱ፤ ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የሚያቋርጡትም በዙ። ልዩነቱ አምስት ዶላር ብቻ ነበር!

ለምን ቢባል፣ ጥርሱን የታመመ ሰው ተበድሮም ይከፍላል። ኮሌስትሮል ግን አያምም። እናቴ የግፊት ክኒኗን ገዝታ እቤት አስቀምጣ እንኳ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብላ ትዘለዋለች። በዚህ ላይ ዋጋ ሲጨመርበት አስቡት።

ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች፣ የባለሙያዎች ግብረ ኃይል «ኤ» ወይም «ቢ» ደረጃ የሰጠውን የመከላከያ ሕክምና ያለ ክፍያ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። የወታደሮቹ መሥሪያ ቤት ግን የግል ኢንሹራንስ ስላልሆነ ሕጉ አይነካውም። ስለዚህ መስፈርቱን የሚያሟላ የኩባንያ ሠራተኛ በነጻ የሚያገኘውን የኮሌስትሮል ክኒን የቀድሞው ወታደር ሊከፍልበት ይችላል ማለት ነው።

ክፍያውን ማንሳት አይቻልም እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከልክ ያለፈ የኦፒዮይድ መድኃኒት የወሰደን ሰው ከሞት ለሚያተርፈው ናሎክሶን በሕግ ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የወሊድ መከላከያ ክፍያን የሚያስቀር ረቂቅ ቢያጸድቅም ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። የበጀት ጥያቄ እንዳለ ይገባኛል። ለእኔ ግን መርምሮ ስጋቱን ከነገሩት በኋላ ለመከላከያው ማስከፈል፣ የምርመራውንም ገንዘብ ማባከን ነው።

ዜናዬን «የቀድሞ ወታደሮች በነጻ ይመረመራሉ፤ ለክኒኑ ግን ከፊሎቹ ይከፍላሉ» ብዬ አስተካክዬ መለስኩ። መምህራችን «አሁን ልክ ነው» ብለው፣ ርዕሱ ረዘመ በሚል አንድ ማርክ ቀነሱብኝ።