ከባና ላይ ስለሚታየው ብልጭታ

በመንዝና በግሼ ደጋ፣ አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ሌሊት፣ ሰው የለበሰውን የበግ ጠጕር ባና ሲገፍ አንዳንድ ጊዜ ጥቃቅን ብልጭታ ያያል፤ የመንጣጣት ድምፅም ይሰማል። ይህን አይቶ የደነገጠ ምእመን «አባቴ፣ ይህ የምን ምልክት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ካህኑ ምን ይመልስለታል?

ግዙፍ አካል ሁሉ አቶም ከሚባሉ ረቂቃን ቅንጣቶች የተገነባ ነው። አቶም በጽርእ ቋንቋ የማይከፈል ማለት ነው፤ ነገር ግን የሚከፈል ሆኖ ተገኝቷል። እንግሊዛዊው ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን፣ ራዘርፎርድ በ1911 እ.ኤ.አ. የአቶምን እምብርት አስታወቁ። በእምብርቱ ውስጥ ያለው ፕሮቶን አዎንታዊ፣ በዙሪያው ያለው ኤሌክትሮን አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸውና ይሳሳባሉ፤ ቍጥራቸው እኩል ሲሆን አቶሙ ሚዛኑን ይጠብቃል። ኤሌክትሮን ግን ከፕሮቶን 1,836 ጊዜ ያህል የቀለለ ነው።

ከእምብርቱ የራቁት ኤሌክትሮኖች አጥብቀው ስላልተያዙ፣ ባናውና ከሥሩ ያለው ልብስ ሲፋተጉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ስለዚህ አንዱ ይጎድልበታል፤ ሌላው ይተርፈዋል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ትርፉ ሳይታወቅ ይፈስሳል፤ በደረቅ ሌሊት ግን ተከማችቶ በድንገት አየሩን ዘልሎ ሲሻገር ብልጭታ ይሆናል። በክረምት የሚወርደው መብረቅም፣ በኃይሉ እጅግ ቢበልጥ፣ የዚሁ ወገን ነው።

እንግዲህ የሚያስተምር ሰው ይጠንቀቅ። ፍጥረት የተሰጣትን ሥርዓት ስትፈጽም «ርኩስ መንፈስ ነው» ብሎ የዋሁን ማስፈራት ትምህርት አይደለም። «ልጄ፣ ከባናህ ነውና አትፍራ» ብሎ ምክንያቱን ቢገልጽለት፣ ሰውየው በሰላም ይተኛል፤ የፈጣሪንም ጥበብ ያደንቃል።